የፕላስቲኩ ዛፍ ጥፋት የለበትም

ታኅሣሥ ሲገባ ከወዳጅ ከዘመድ አንድ ዓይነት ስሞታ እሰማለሁ። “ዛፋችን ሳስቷል፤ ብረቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ ዘንድሮስ ሌላ መግዛታችን አይቀርም።” የእኔም ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “ቀንበጡን ፈታችሁታል?” ብዙውን ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው፤ አለዚያም “የምኑን ቀንበጥ?” የሚል ነው።

ሰው ሠራሽ የገና ዛፍ ስሙ በከንቱ የጠፋ ዕቃ ነው። እውነተኛ ጽድ የሚወድ ሰው ይንቀዋል። ገዝቶ የሚያቆመውም ቢሆን ለልጆቹ ብሎ እንጂ ከልቡ አይደለም። እኔ ግን እወደዋለሁ። በወጉ የቆመ የፕላስቲክ ዛፍ ሳሎን ያሞቃል፤ ዓይን ያሳርፋል። በወጉ ካልቆመ ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን የአቋሚው ነው።

ስለ አካሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የብረት ወይም የፕላስቲክ እግር፣ እርስ በርሱ የሚሰካ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ግንድ፣ ከዚያ ቅርንጫፎች። አንዳንዱ ዛፍ ቅርንጫፎቹ በማጠፊያ ከግንዱ ጋር ተያይዘው ይመጡና ግንዱ ሲሰካ በራሳቸው ይዘረጋሉ። በሌላው ደግሞ አንድ በአንድ ይሰካሉ፤ የትኛው የት እንደሚገባ በቀለም ምልክት ይታወቃል። የመጀመሪያው ለማቆም ይቀላል፤ ሁለተኛው በዋጋ ይረክሳል።

ቁም ነገሩ ያለው ቅርንጫፉ ላይ ነው። ፋብሪካው ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ በስሱ ይዘረጋና ጠርዙን እንደ ጋቢ ዘርፍ ይተለትለዋል። የተተለተለው ላስቲክ በሁለት ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ ሽቦዎቹም አንድ ላይ ይጠመዘዛሉ። ሲጠመዘዙ ትልታዩ በዙሪያው ይቆማል፤ የጽድ ቅጠል መስሎ የሚታየን ያ ነው። የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ልብ ብሎ ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይለየዋል። ዝምድናውም እውነተኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ አዲስ ብራሽ ካምፓኒ የተባለ ድርጅት የሽንት ቤት ብሩሽ በሚሠራባቸው ማሽኖች፣ አረንጓዴ በተነከረ የብሩሽ ፀጉር የገና ዛፍ ሠርቶ አወጣ። (ከአዲስ አበባ ጋር አይገናኝም፤ አዲስ የመሥራቹ የቤተሰብ ስም ነው።) ዛሬ ሳሎናችን የሚቆመው ዛፍ የዚያ ብሩሽ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከብሩሹ በፊት ላባ ነበር። ጀርመኖች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዝይ ላባ አረንጓዴ ነክረው፣ በሽቦ ላይ ጠምጥመው፣ ከእንጨት ግንድ ላይ እየሰኩ ዛፍ ይሠሩ ነበር። የላባው ዛፍ ቅርንጫፎች በጣም የተራራቁ ናቸው። ሻማ የሚበራው በላያቸው ስለነበር ክፍተቱ ነበልባሉን ከላይኛው ቅርንጫፍ ያርቀዋል። ዛሬ በሙዚየም የሚያየው ሰው “ምነው ሳሳ?” ይላል፤ ያ መሳሳት ግን ቤት ከቃጠሎ የሚያድን ጥበብ ነበር። ብረትም ተሞክሯል። በ1959 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ማኒቶዎክ በምትባል ከተማ ያለ ፋብሪካ ኤቨርግሊም የሚል ስም የሰጠውን የአሉሚኒየም ዛፍ በብዛት ማምረት ጀመረ። ብረት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አምፖል አይጠመጠምበትም፤ ከሥሩ ባለ ቀለም ክብ ሰሌዳ የሚሽከረከርበት መብራት ይቀመጥለታል። በ1965 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የቻርሊ ብራውን የገና ፊልም ከተሳለቀበት በኋላ ዘመኑ ብዙም አልቆየም።

አሁን ወደ ቀንበጡ። ዛፉ በአብዛኛው የሚመረተው ቻይና ነው፤ በመርከብ፣ በኮንቴይነር ይጓዛል። ለላኪው ካርቶን ውስጥ አየር መጫን ኪሳራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀንበጥ በቅርንጫፉ ላይ ይተኛል፤ ቅርንጫፉም በግንዱ ላይ ይታጠፋል፤ ሁሉም ተጨምቆ ይታሸጋል። 1.80 ሜትር ቁመት ያለው መካከለኛ ዛፍ ከ500 እስከ 800 የሚደርስ ቀንበጥ ይኖረዋል። ካርቶኑን ስትከፍቱ እነዚህ ሁሉ ተኝተዋል። ውስጣቸው ሽቦ የተደረገውም በእጅ እንዲታጠፉና በታጠፉበት እንዲቀሩ ነው። ፋብሪካው ሥራውን ግማሽ አድርሶ ልኮላችኋል፤ ግማሹ የእናንተ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ለምለም ፎቶ እያዩ “ተሸወድን” የሚሉ አሉ። ብዙውን ጊዜ ፎቶው ላይ ያለው ያው ዛፍ ነው፤ የተፈታው።

አፈታቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እግሩንና የታችኛውን ቁራጭ ብቻ አቁሙ፤ የላዩን ገና አትሰኩ። የአንዱን ቅርንጫፍ ሥር ያዙና ከግንዱ አጠገብ ካለው ቀንበጥ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ውጡ። አብዛኛው ሰው በተቃራኒው፣ ዓይን ከሚያርፍበት ከጫፉ ይጀምርና መሐል ሲደርስ ይሰለቸዋል፤ ብረቱ የሚታየውም ለዚህ ነው። ከግንዱ አጠገብ ካሉት ጥቂቶቹን ወደ ግንዱ መልሱ፤ የብረቱ ልብስ እነሱ ናቸው። ከዚያ አንዱን ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ላይ፣ አንዳንዱን ወደ ታች አድርጉ። ሁሉንም ወደ ጎን ብቻ ከዘረጋችሁ ቅርንጫፉ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከላይ ሲታይ የሞላ፣ ከፊት ሲታይ ባዶ። የመጨረሻው ቀንበጥ ትንሽ ቀና ይበል። አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ሁለትና ሦስት እርምጃ ርቃችሁ ተመልከቱ፤ ክፍተቱ የሚታየው ከሩቅ ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን ቁራጭ ሰክታችሁ ቀጥሉ። ዛፉ ጥግ ላይ የሚቆም ከሆነ የጀርባውን ቅርንጫፎች ወደ ግራና ቀኝ ስባችሁ ለጎኖቹ አውሷቸው፤ ጀርባውን ግድግዳው ያውቅበታል።

ይህ ሁሉ ለአንድ መካከለኛ ዛፍ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሽቦው እጅ ይቧጭራል፤ ጓንት አይከፋም። የታችኛውን ለልጆች ስጧቸው፤ ቁመታቸውም ትዕግሥታቸውም ከአዋቂ ይሻላል።

አንድ ጊዜ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚበልጥ ዛፍ አየሁ። ቅርንጫፎቹ ከካርቶን እንደወጡ ተጣብቀው ቆመዋል። ያንን ለመሸፈን ይመስለኛል፣ ላዩ ላይ ያልተከመረ ነገር የለም፤ ጥጥ፣ አብረቅራቂ ክር፣ ፊኛ፣ ባዶ የስጦታ ካርቶን። ጌጥ ግን ያልተፈታ ዛፍ አይሸፍንም፤ ያሳጣዋል እንጂ። አላስቻለኝምና ቡናዬ እስኪመጣ አጠገቤ ያለውን ቅርንጫፍ መፍታት ጀመርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ፈጠን ብላ መጣችና በትሕትና “ጋሼ፣ እንዳይሰበርብን” አለችኝ። በዓመት አንዴ የሚታጠፍ ሽቦ አይሰበርም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ፈገግ አለች፤ እጄን ግን እስክሰበስብ ድረስ አልሄደችም።

ስለ ጥጡም አንድ ነገር ልበል። በረዶ ነው ይባላል። የእኛ ታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ የጠራ ፀሐይ ነው፤ በረዶው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከውበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጥጥ ለእሳት ያለው ቅርበት ነው።

ሲገዛ ምን ይታይ? መርካቶም ሆነ ፒያሳ ብትጠይቁ ሁሉም “ኦሪጅናል ነው” ይላችኋል። ኦሪጅናል የሚባል የፕላስቲክ ዛፍ የለም። ያለው ልዩነት የፒቪሲና የፒኢ ነው። ፒቪሲው ከላይ የነገርኳችሁ ተተልትሎ የሚጠመዘዘው ነው። ፒኢ ወይም ፖሊኢትሊን የሚባለው ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ስለሚፈስስ ቅጠሉ ሙሉ ቅርጽ ያለው፣ ለእውነተኛው የቀረበ ይሆናል፤ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ብዙዎቹ ጥሩ ዛፎች ውጫቸው ፒኢ፣ ውስጣቸው ፒቪሲ ነው፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ብልኃት ነው። ካርቶኑ ላይ የቀንበጡ ብዛት ተጽፎ እንደሆነ ከቁመቱ ጋር አስተያዩት፤ ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ዛፎች በቀንበጥ እጥፍ ሊበላለጡ ይችላሉ። ቅርንጫፉን በእጃችሁ ከሥር ወደ ጫፍ ሳብ አድርጉት፤ ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ከቀረ ተዉት። አንዱን ቀንበጥ አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ከወደቀ ሽቦው ቀጭን ነው፤ ኳስ አይሸከምም። እግሩ ብረት ቢሆን ይመረጣል። ቁመቱንስ? ለኮከቡ ቦታ እንዲኖር ከጣሪያው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይነስ። ሰው ቁመት ለክቶ ስፋት ይረሳል፤ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ግን ሶፋ የሚያስነሳው ስፋቱ ነው።

መብራት ከኳስ በፊት ይጠመጠማል፤ ከታች፣ ከሶኬቱ በኩል ተጀምሮ፣ ከግንዱ ወደ ጫፍ እየወጣ እየገባ። ዙሪያውን ብቻ እንደ መቀነት ከተጠመጠመ ውስጡ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ኤልኢዲ ምረጡ፤ ብዙም አይሞቅም፣ ቆጣሪም አያስሮጥም። አምፖሉ ተገጥሞለት የሚመጣ ዛፍ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። የእነሱ መብራት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት የሚበራው ለአንድ አፍታ ነው።

አሁን የምቆጣበት ቦታ ደረስኩ። ገና ነው፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ረከቦቱ ቀርቧል። ቡና የምታፈላዋ እመቤት ከዛፉ ሥር ያምራል ብላ ከሰሏን እዚያው ታቆማለች፤ ማጨሻውን ከቅርንጫፉ በታች ታስቀምጣለች። ፎቶው ያምራል። ፒቪሲ በራሱ ቶሎ የሚቀጣጠል ፕላስቲክ አይደለም፤ ፒኢ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ጥጡ፣ የስጦታው ወረቀትና የደረቀው ቄጠማ ደግሞ ምንም አይጠብቁም። ረከቦቱ ከሳሎኑ ሌላ ጥግ ይሁን። ጧፍና ሻማም እንዲሁ። ስትተኙ መብራቱን ንቀሉ።

ዛፉ የኛ ባህል አይደለም የሚሉ አባቶች ልክ ናቸው። ገና ያለ እሱ ስንት ዘመን ተከብሯል፤ ነገም ይከበራል። እኔ የምለው ካቆማችሁት አይቀር በወጉ አቁሙት ነው።

ሰው ሠራሹ ዛፍ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ውጭ አገር ያለውን ወገናችንን ይመስለኛል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ለንደን ለሚኖር ቤተሰብ ገና ሁለት ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት የዲሴምበር 25 እና የወላጆቹ የጃንዋሪ 7። ዲሴምበር መግቢያ ላይ የተገዛ የተቆረጠ ዛፍ ለሁለተኛው ሲደርስ ቅጠሉ ምንጣፍ ላይ ነው። የፕላስቲኩ ሁለቱንም ያስተናግዳል። ሱቆች ደግሞ ከዲሴምበር 25 ማግስት የገና ዕቃ ዋጋ ይጥላሉ፤ ለእነሱ በዓሉ አልፏል፣ ለእኛ ገና አልደረሰም። ለኪስ የሚስማማ ሌላ እንዲህ ያለ የቀን መቁጠሪያ ልዩነት አላገኘሁም።

ለተፈጥሮስ የቱ ይሻላል? የብሪታንያው ካርቦን ትረስት የ2 ሜትር ሰው ሠራሽ ዛፍ ወደ 40 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ጫና እንዳለው ገምቷል፤ ተቆርጦ ቆሻሻ መጣያ የሚቀበረው እውነተኛ ዛፍ ደግሞ ወደ 16። እንግዲህ አንድና ሁለት ዓመት አገልግሎ የሚጣል የፕላስቲክ ዛፍ መከላከያ የለውም። አሥር ዓመት ካገለገለ ግን ለአንድ በዓል የሚደርሰው 4 ኪሎ ግራም ነው። እኛ ጋ ሌላም ሒሳብ አለ። እንግሊዞቹ የሚቆርጡት ለዚሁ ተብሎ በእርሻ የተተከለ ዛፍ ነው። የሐበሻ ጽድ ግን አዝጋሚ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሳሎን ተብሎ መንገድ ዳር ተቆርጦ ሲሸጥ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ስለዚህ የገዛችሁት የፕላስቲክ ዛፍ ይቆይ።

የሚቆየውም በአቀማመጥ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሲፈርስ ቀንበጡን ከጫፍ ወደ ግንድ፣ በአንድ አቅጣጫ አስተኙት፤ ቁራጮቹን ለየብቻ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሉ፤ በፕላስተር ላይ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉባቸው። የእግሩን ብሎኖች በትንሽ ፌስታል ቋጥራችሁ እዚያው እሰሩ፤ ብሎኑ የጠፋ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒሱ መካከል አታስገቡት፤ የበጋው ሙቀት ፒቪሲውን ያደርቀዋል። ዘመኑን ጨርሶ ከረገፈም ግቢ ውስጥ ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል፣ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው።