መብረቁ በጣሪያ ሳይሆን በሽቦ ይገባል

የበልጉ ደመና ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በኩል ሲጠቁር የመርካቶ ነጋዴ አስቀድሞ የሚያስበው ዕቃው እንዳይረጥብ ነው። ሸራ ይወጠራል፤ ደጅ የተደረደረው ካርቶን ወደ ውስጥ ይገባል። ነጎድጓዱ ሲያስገመግም ግን የሚወሰድ እርምጃ ብዙም የለም፤ ፈጣሪን ጠርቶ ማሳለፍ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ታዲያ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው አልነሳም ይላል፤ የፍሪዘሩ ቦርድ ተቃጥሏል፤ ኮምፒዩተሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጣሪያው ግን አልተነካም፤ በአካባቢው የተሰነጠቀ ዛፍም የለም። መብረቁ የወረደው ከሱቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሊሆን ይችላል።

የመብረቅ መከላከያ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ሕንፃ አናት ላይ የቆመ ዘንግ ነው። ዘንጉ በአግባቡ ከተሠራ ሕንፃውን ከመሰንጠቅና ከመቃጠል ያድናል። በሱቁ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን ብቻውን አያድንም። ያንን የሚያድነው ከቆጣሪው ቀጥሎ የሚገጠም አንድ አነስተኛ መሣሪያና ማንም የማያየው፣ ከመሬት በታች የተቀበረ ብረት ነው። የማይታይ ነገር ደግሞ በገበያ ላይ ገዢ ያጣል። ለዚህም ይመስላል ለጣሪያው ዘንግ በደስታ የሚከፍል ባለ ሕንፃ ለተቀበረው ብረት ሲሆን የሚከራከረው።

አደጋው የአገሩ አቀማመጥ ያመጣው ነው። ከ1995 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ምድርን ሲዞር የቆየ የናሳ መሣሪያ በዓለም ላይ በየሴኮንዱ በአማካይ 44 ያህል የመብረቅ ብልጭታ መኖሩን መዝግቧል። ከዚህ ውስጥ 78 ከመቶ ያህሉ የሚፈጠረው ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 30 ዲግሪ ባለው ክልል ነው። አዲስ አበባ ያለችው 9 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከፍታዋም 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር ተራራውን ይዞ ይወጣል፣ ደመናውም ከቀትር በኋላ ይበስላል። ይህ ሰዓት ገበያው የሚደምቅበት፣ ያለው መሣሪያ ሁሉ የተሰካበት ሰዓት ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ባነሰ ነበር።

ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል፣ ሞባይል ያስመታል፣ ቆርቆሮ ይስባል የሚለውን ወሬ ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል። መብረቅ የሚመርጠው በአብዛኛው ቁመትን ነው። ቆርቆሮውም ቢሆን ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ ከተገናኘ የሚረዳ እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

ብሬከርና ስታቢላይዘር

ስለ መብረቅ ሲነሳ ነጋዴው አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ ‹‹ብሬከር አለኝ፤ ስታቢላይዘርም ገዝቻለሁ›› የሚል ነው። ሁለቱም ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ የተሠሩት ግን ለሌላ ጠላት ነው። አንድ መብረቅ በአማካይ 30,000 አምፔር ገደማ ይሸከማል፤ ከባዱ ከ100,000 ይበልጣል። የሱቅ ብሬከር የሚወርደው 16 ወይም 20 አምፔር ሲያልፍ ነው። በዚህ ሒሳብ ብሬከሩ ወዲያው መውረድ ያለበት ይመስላል። ችግሩ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። የመብረቁ ኃይል ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ሲሆን፣ ብሬከሩ እስኪወርድ ግን በርካታ የሴኮንድ ሺህኛዎች ያልፋሉ። ዘበኛው የሚነቃው ሌባው ወጥቶ ከሄደ በኋላ ነው ማለት ነው። ስታቢላይዘሩም የሚያስተካክለው ቀስ ብሎ ወደ 170 የሚወርደውን ወይም ወደ 250 የሚወጣውን ቮልት ነው፤ ብዙ ሺህ ቮልት በአንድ ቅጽበት ሲመጣበት ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ራሱ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ የተሠራው ቴክኒሻኖች ‹‹ሰርጅ አሬስተር›› ወይም ‹‹ሰርጅ ፕሮቴክተር›› የሚሉት መሣሪያ ነው። መጠኑ ከአንድ ብሬከር ብዙም አይበልጥም፤ የሚገጠመውም እዚያው ማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ ነው። በውስጡ ያለው የዚንክ ኦክሳይድ ቁራጭ በደህናው ቮልት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቮልቱ ሲዘል በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ፍጥነት ተከፍቶ ኮረንቲውን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ወዲያው ተመልሶ ይዘጋል። ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ኃይሉ ወደ ሕንፃው በሚገባበት በር ላይ፣ ሁለተኛው በየፎቁ ማከፋፈያ ላይ፣ ሦስተኛው ከመሣሪያው አጠገብ ይገጠማል። አናቱ ላይ ዘንግ የቆመበት ሕንፃ አንደኛውን የግድ ይፈልጋል። ለአንድ ተራ ሱቅ ወይም መኖሪያ ቤት ሁለተኛው ደረጃ ትልቁን ሥራ ይሠራል።

ግዢው ላይ ሁለት ነገር ማየት ይበጃል። በመሣሪያው ፊት 275፣ 320 ወይም 385 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ ይህ ሳይከፈት ዘወትር ሊሸከመው የሚችለው ቮልት ነው። ሌሊት ቮልቱ ከፍ በሚልበት ሰፈር 275 የሚለው ቶሎ ስለሚደክም 320 እና ከዚያ በላይ መምረጡ ያዋጣል። ሁለተኛው ትንሿ መስኮት ናት። መሣሪያው በየመብረቁ ትንሽ ትንሽ ስለሚያልቅ መስኮቷ ቀይ ስትሆን መለወጥ አለበት። ቀይ ሆና ዓመት የምትከርምበት ሣጥን ጥቂት አይደለም፤ መብራቱ አልጠፋምና ማን ይከፍተዋል?

አገጣጠሙ ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። መሣሪያውን ከዋናው መስመርና ከመሬት ሽቦው ጋር የሚያገናኙት ሽቦዎች ርዝመት ተደምሮ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በዚያ ፍጥነት አንድ ሜትር ሽቦ ብቻውን ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ሽቦው ይትረፍ ብሎ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ኤሌክትሪሺያን፣ ለባለ ሱቁ ያሰበ መስሎት የተገዛውን መከላከያ መልሶ ያፈርሰዋል።

ከመሬት በታች ያለው ሒሳብ

ይህ ሁሉ ግን መሬት ከሌለ ዋጋ የለውም። ‹‹ሰርጅ›› የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲቫይደር የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ ቢሰካ ዋና ሥራውን አይሠራም። በከተማችን ብዙ አሮጌ ቤት ውስጥ የሶኬቱ የመሬት እግር ባዶ ነው፤ አለዚያም በአንድ ወቅት ከብረት የውኃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ነበር። ቧንቧው ሲያረጅ በፕላስቲክ ይተካል። ውኃው ይመጣል፤ መሬቱ ግን በዚያው ዕለት ጠፍቷል፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ባለቤቱ አሁንም ያለው ይመስለዋል።

በመስኩ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ቁጥር 62305፣ የመሬቱ ተቃውሞ ከ10 ኦም ባይበልጥ ይመክራል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 30,000 አምፔር በ10 ኦም ሲባዛ 300,000 ቮልት ይሆናል። ጥሩ የሚባለው መሬት እንኳ ለዚያች ቅጽበት 300,000 ቮልት ድረስ ይነሳል ማለት ነው። የሚያድነው ነገር ቮልቱ አለመነሳቱ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለው ብረትና ሽቦ ሁሉ አብሮ መነሳቱ ነው። በሽቦ ላይ ያለች ወፍ የማትሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመብራቱ መሬት፣ የዘንጉ መሬት፣ የስልኩና የዲሹ መስመር አንድ ላይ መታሰር አለባቸው። ዲሹ ለብቻው፣ መብራቱ ለብቻው መሬት ከያዙ የሁለቱ ልዩነት የሚያልፈው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን ነቅሎ የዲሹን ኬብል የሚተው ሰው ግማሹን በር ከፍቶ እንደተኛ ይቆጠራል።

አፈሩም ይለያያል። የቦሌ አካባቢ ጥቁር አፈር እርጥብ ሲሆን ኮረንቲ በደንብ ይቀበላል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከተቀበረው ብረት ይላቀቃል። ድንጋያማው ተዳፋት ላይ ደግሞ አንድ ዘንግ ቀብሮ 10 ኦም ማግኘት ዘበት ነው፤ ብዙ ዘንግ ወይም ረጅም የተዘረጋ ብረት ይጠይቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ጨውና ከሰል መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ጨዉ ለጥቂት ጊዜ ቁጥሩን ያሳምራል፤ ከዚያ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ እስኪሄድም ብረቱን ይበላል። ቤንቶናይት የተባለው የሸክላ ዱቄት እርጥበት ስለሚይዝ የተሻለ ነው። ተቃውሞው የሚለካውም መሬቱ ደርቆ ቁጥሩ ከፍ በሚልበት በጥርና በየካቲት ነው። በነሐሴ ተለክቶ ‹‹አምስት ኦም›› የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሥራ ተቋራጭ ውሸታም አይደለም፤ ወሩን ግን መርጧል።

አንድ ዘንግ ለመንደር

በጣሪያው ገበያ ላይ ትልቁ ክርክር አናቱ ክብ ወይም ሾጣጣ ጌጥ በመሰለው ዘመናዊ ዘንግ ዙሪያ ነው። ሻጮቹ አንዱ ብቻውን ዙሪያውን እስከ 100 ሜትር ይሸፍናል ይላሉ። ፈረንሳይ ለዚህ ዓይነቱ ዘንግ የራሷ ደረጃ አላት፤ ከላይ የተጠቀሰው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ከተራ ዘንግ የተለየ ሽፋን አይሰጠውም። የአየር ጠባይዋ በመብረቅ የበለጸገው ማሌዢያ ጥሩ ማስረጃ ትሰጣለች። በኩዋላ ላምፑር አካባቢ የሠሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ዘንግ ተተክሎባቸው ሳለ ጥጋቸውና ጠርዛቸው በመብረቅ የተሰባበረ በርካታ ሕንፃዎችን ፎቶግራፍ አንስተው አሳትመዋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከ270 ዓመታት በፊት ያስተዋወቀው ተራ ዘንግ፣ ጥጉንና ጠርዙን ይዞ በጠፍጣፋ ብረት ከተያያዘ፣ ዛሬም ያልተሸነፈ ዕቃ ነው።

የተራው ሥራ ደካማ ጎን መዳቡ ነው። ከጣሪያ ወደ መሬት የሚወርደው መዳብ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይፈልጋል፤ የመዳብን ዋጋ ደግሞ ቆራሌው ከባለ ሕንፃው አስበልጦ ያውቃል። የታችኛው ሦስት ሜትር ተቆርጦ የተወሰደበት ሕንፃ ዘንግ ከሌለው ሕንፃ የከፋ ነው፤ መብረቁን ተቀብሎ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ጋልቫናይዝድ ብረት ሥራውን ይሠራል፤ ሌባም አያጓጓም። ከሁሉ የሚረክሰው ግን የአምዱን ፌሮ ብረት ራሱን መውረጃ፣ መሠረቱን ራሱን መሬት ማድረግ ነው። ይህ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ከተወሰነ ወጪው ጥቂት ሜትር ብረትና ብየዳ ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ዕድሉ አይገኝም።

‹‹የእሳትና የመብረቅ›› ውል

በአገራችን የኢንሹራንስ ገበያ ነባሩ የንብረት ውል ‹‹የእሳትና የመብረቅ›› ይባላል። ስሙ ነጋዴውን ያዘናጋል። መብረቅ ያስነሳው ቃጠሎ ይካሳል፤ በሽቦ መጥቶ ቦርድ ያቃጠለ የቮልቴጅ ዝላይ ግን በብዙ ውሎች ከሽፋኑ ውጭ ከተደረገው የኤሌክትሪክ ብልሽት ጋር ይመደባል። ለእሱ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ዋስትና ለብቻው መግባት ያስፈልጋል።

ሌላው የገንዘቡ መጠን ነው። እንበል 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ በ1.2 ሚሊዮን ብር ዋስትና ተገብቶለታል። የ500,000 ብር ጉዳት ሲደርስ በተመጣጣኝ ስሌት የሚከፈለው 300,000 ብር ብቻ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሮኒክስ መተኪያ ዋጋ ወደ ላይ ሲዘል፣ በቀድሞው ግምት ውሉን የሚያሳድስ ነጋዴ ሳያውቀው የራሱ ኢንሹራንስ ሆኗል።

መብረቅ ያላደረገውም በመብረቅ ይሳበባል። ከነፋስና ከዝናብ በኋላ ፖል ላይ ኒውትራሉ ሲቋረጥ 220 ይመጣበት የነበረው ሶኬት ወደ 380 የተጠጋ ቮልት ይመጣበታል። ይህ ደቂቃዎች ስለሚቆይ ሰርጅ አሬስተሩንም ይዞ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቮልቱ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ ሌላ ርካሽ መሣሪያ ነው። ጎረቤት አምፖሎች ከመቃጠላቸው በፊት ደምቀው ከነበረ ጥፋተኛው ኒውትራሉ ሳይሆን አይቀርም። ካሳ የሚጠይቅ ሰው የተቃጠለውን ቦርድ ሳይጥል፣ የቴክኒሻን ጽሑፍ ይዞ ቢሄድ ክርክሩ ያጥራል።

ማን ይክፈል?

ዕቃው ይህን ያህል ርካሽ ከሆነ ለምን አይገዛም? መልሱ ያለው በኪራይ ውሉ ውስጥ ነው። መሬቱና ዋናው ማከፋፈያ የአከራይ ናቸው፤ የሚቃጠለው ኮምፒዩተር የተከራይ ነው። አከራዩ በሰው ዕቃ አይጨነቅም፤ ተከራዩ በሰው ሕንፃ ላይ ገንዘብ አይቀብርም። መቶ ሱቅ ባለበት የገበያ ማዕከል ደግሞ በዋናው መግቢያ ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ሁሉንም ስለሚጠቅም እያንዳንዱ ሌላው እስኪያዋጣ ይጠብቃል። ደላላውም ቢሆን ስለ ማዕዘን ቦታው፣ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ መኪና ማቆሚያው ሲያወራ ይውላል እንጂ የመሬቱን ኦም ጠይቆ አያውቅም፤ የሚጠይቀው ገዢ የለማ።

ነጋዴዎች በአክሲዮን ተሰባስበው ባሠሯቸው የመርካቶ ማዕከላት ግን አከራዩም ተከራዩም አንድ ሰው ነው። እነዚህ ማኅበራት በጠቅላላ ጉባኤያቸው አጀንዳ ላይ አንድ መስመር ጨምረው፣ በጥር ወይም በየካቲት የተለካ የመሬት ወረቀት ከቦርዱ መጠየቅ ይችላሉ። ከሌላ ሰው ሕንፃ የሚከራየውም ቢሆን ውሉን ሲያድስ ያንኑ ወረቀት መጠየቅ አይከለከልም፤ ወረቀቱ ከሌለ ደግሞ በኪራዩ ላይ የሚከራከርበት አንድ ተጨማሪ ነጥብ አገኘ።