ዓሣዎቹ ጠዋት ጠዋት ለምን አፋቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ?

«ማኅበራዊ ሠራተኛ ስለ ዓሣ ምን አገባት?» ትሉኝ ይሆናል። በሐምሌው ሙቀት አንድ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ልጁን እያለቀሰ አገኘሁት። ተክል ያለበት አኳሪየሙ ውስጥ የነበሩት ዓሣዎች በአንድ ሌሊት አለቁበት። እናቱ ደግሞ «ምግብ አብዝተህ ነው» ብላ ተቆጥታዋለች። ምግቡ ግን አልነበረም። ለሌሎችም ይጠቅማል ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ተክል ቀን ቀን ብርሃን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ኦክስጅን ይሰጣል። ይኼን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። የሚረሳው ሌሊቱ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ኦክስጅን መስራቱን ያቆማል፣ እንደ ዓሣው ራሱም ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው።

ልጁ ተክሉ ቶሎ እንዲያድግለት በላስቲክ ጠርሙስ ስኳር፣ ውሃና እርሾ አድርጎ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ያስገባ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዘዴውም የታወቀ ነው። ጠላ ጠምቃችሁ የምታውቁ እናቶች ግን ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል፦ እርሾ ማታ አጥፉኝ ቢሉት አይጠፋም፣ ሰንበትም አያውቅም። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይብስበታል። ሙቅ ውሃ በበኩሉ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፦ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ። በዚያ ላይ እናቱ ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ስለምትነሳ፣ ድምፁ እንዳይረብሻት የአየር ፓምፑን ማታ ማታ ያጠፉት ነበር። ሁሉም በአንድ ሌሊት ተደራረበ።

ብዙ ሰው ኦክስጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚያባርረው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፣ ሁለቱም አንድ ውሃ ውስጥ አብረው ሊበዙ ይችላሉ። ዓሣ በስንጥቡ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ውሃው ያወጣል። ውሃው በዚያው ጋዝ ከተሞላ ግን ከደሙ አልወጣ ይለዋል፣ ኦክስጅን እያለም ይታፈናል። ጋዙን የሚያስወጣው የውሃው ፊት መንቀሳቀስ ነው። አምቦ ውሃ ስታናውጡት ጋዙ እንደሚያልቅ ማለት ነው።

ታዲያ ተመልከቱ። ዓሣዎቹ ጠዋት ብቻ ላይ ላዩን እያለከለኩ ቀትር ላይ ደህና ከሆኑ፣ ችግሩ የሌሊቱ ነው። ቀን ጋዝ እየገባ ካለከለኩ ጋዙ በዝቷል። ያን ጊዜ ጋዙን ዝጉ፣ ፓምፑን ክፈቱ፣ ከውሃው ሲሶውን ክሎሩ በወጣለት ውሃ ቀይሩ።

ለዘወትሩ ሁለት ሻዖን ሻባት ይበቃል። አንዱ መብራቱን 8 ሰዓት ያህል ያበራል፣ ሌላው መብራቱ ሲጠፋ ፓምፑን ያስነሳል። እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ ቤተሰብ ጋዝ አያስፈልግም። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉት ተክሎች ያለ ጋዝ ያድጋሉ፣ ቀስ ብለው ነው እንጂ። ገንዘቡ ለልጁ ጫማ ይሁን።

ልጁ አሁን አምስት ጉፒ አለው። ፓምፑን ስፖንጅ ላይ ስላስቀመጡት ድምፁ ቀንሷል፣ እርሾውንም እናቱ ለዳቦዋ ወስዳዋለች።