«ኔት ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትፈርሙ

ኢኮኖሚክስ የተማረ ጓደኛ ያለው ሰው ነጻ አማካሪ ያገኘ ነው የሚመስለው። አዲስ ሥራ ያገኘ ጓደኛዬ ሁሉ የቅጥር ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ኔት ስንት ይደርሰኛል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በኔት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሌላ መስመር ነው፤ መሠረታዊ ደመወዝ፣ በተለምዶ «ቤዚክ» የምንለውን።

ለምን መሰላችሁ? በ2014 ዓ.ም. በወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 መሠረት በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምራል። በድምሩ 18 በመቶ ማለት ነው። ይህ የሚሰላው ለመደበኛ የሥራ ሰዓት በሚከፈለው ደመወዝ ላይ ነው። የትራንስፖርት፣ የቤት ምናምን እየተባለ በአበል ስም የሚጨመረው ብር አብዛኛውን ጊዜ ከስሌቱ ውጪ ይቀራል።

በቁጥር እንየው። ሁለት ሠራተኞች በወር 20,000 ብር ይከፈላቸዋል እንበል። የአንደኛዋ ሙሉው ቤዚክ ነው። የሁለተኛው 8,000 ብሩ ቤዚክ፣ 12,000ው አበል ነው። ከእሷ 1,400 ብር ሲቆረጥ ከእሱ 560 ብቻ ይቆረጣል። ግብሩ እኩል ነው ካልን በየወሩ 840 ብር ይበልጣታል። ደስ ይላል አይደል? አሠሪው ግን ለእሷ 2,200፣ ለእሱ 880 ብር ነው የሚያስገባው። 1,320 ብር ድርጅቱ ጋ ቀረ ማለት ነው። በዚህ አከፋፈል ከሠራተኛው ይልቅ የተጠቀመው አሠሪው ነው።

ጣጣው የሚመጣው በ60 ዓመት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታው የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ለ30 ዓመት አገልግሎት 55 በመቶ ይመጣል። ደመወዛቸው ባለበት ቢቆይ እሷ 11,000፣ እሱ 4,400 ብር በወር ያገኛሉ።

«እስከዚያ ብሩ ዋጋ ይኖረዋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይፈረድበትም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሲሆን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ጡረታ ያጠራቀምነውን ቆጥሮ የሚመልስ ሣጥን አይደለም። ስሌቱ የመጨረሻ ደመወዝን ስለሚከተል፣ ኑሮ ሲወደድ ቤዚካችሁም ካደገ ጡረታውም አብሮ ያድጋል። ችግሩ ቤዚክ ባለበት ቆሞ ጭማሪው ሁሉ በአበል ሲመጣ ነው። ያኔ የዋጋ ንረቱ ሙሉ በሙሉ በእናንተ ላይ ያርፋል። ጡረታ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ክፍያው ገበያውን እየተከተለ በየወሩ አይጨምርም። ስለዚህ የምትጀምሩበት ቁጥር ወሳኝ ነው።

ነገሩ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻም አይደለም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው አበል፣ ሠራተኛው ቢሞት ለትዳር ጓደኛና ለልጆች የሚሰጠው ክፍያ፣ ሁሉም መነሻው ያው ደመወዝ ነው። ይህ በ25 ዓመትም ሊመጣ ይችላል።

እና ምን እናድርግ? ደብዳቤ ስትቀበሉ ቤዚኩና አበሉ ተለይቶ ይጻፍ በሉ። የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ «ቤዚክ ላይ ነው ወይስ አበል ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፤ ሥራ ብትቀይሩም የቀድሞው አገልግሎታችሁ ይደመራል። ከደመወዛችሁ የተቆረጠው በትክክል ገቢ መሆኑን አረጋግጡ። የቅጥር ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀታችሁንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ሠላሳ ዓመት ረጅም ነው፣ ድርጅት ይዘጋል፣ ፋይል ይጠፋል።

ሥራ ፈላጊ በበዛበት ገበያ መደራደር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አሠሪው እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ቢያንስ ግን በወር 840 ብር ስታተርፉ ምን እየሸጣችሁ እንደሆነ አውቃችሁ ፈርሙ።