የቦርከና አሳዎች የዘር ጓዝ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ፣ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ በሚሄደው የቦርከና ወንዝ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ይኖራሉ። ሦስቱ አንድ ውሃ ቢጠጡም በሕዋሳቸው የተሸከሙት የዘር ጓዝ እጅግ ይለያያል። ቆሮሶ 44፣ አምባዛ 56 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ነጭ አሳ 150 ገደማ አለው።

አብዛኛው እንስሳ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ወርሶ ሁለት የክሮሞሶም ቅጂ ይይዛል። ነጭ አሳ ግን ስድስት አለው። ትናንሾቹ የባርብ ዘመዶቹ 50 ብቻ ስላላቸው ሦስት እጥፍ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የዘር ሐረጉን የመረመሩ እንደሚሉት፣ አራት ቅጂ ያላት እናትና ሁለት ቅጂ ያለው አባት በጥንት ዘመን ተዳቅለው ያስገኙት ወገን ነው። በጣና የዚሁ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አንዱ አሳ አዳኝ፣ ሌላው ከጭቃ ለቃሚ ነው። ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ደለሉ ስለሚመሰክር፣ ይህን ያህል መለያየታቸው ፈጣን ነው። ትርፉ ቅጂ ለለውጥ ነፃነት ሰጥቷቸው ይሆን? እኔ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመዋለሁ።

የክሮሞሶም ብዛት ግን የአካል ውስብስብነት ምልክት አይደለም። በወንዝና በሐይቅ የሚኖረው ኤፊዳሺያ ሙለሪ የተባለ የስፖንጅ ዓይነት እንስሳ ነርቭም ጡንቻም የለውም። ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም እንደ ሰው 23 ጥንድ ክሮሞሶም፣ ከሰው ደግሞ እጥፍ የሚጠጋ 39 ሺህ ጂን ተገኘበት።

አምባዛ በጾታው ያስቸግራል። በአንዳንዱ መንጋ ወንድነትን የሚወስነው የአባት ክሮሞሶም ሲሆን፣ በሌላው የጾታው መለያ በእናት በኩል ይገኛል።

ከሦስቱ አሳዎች ቀድሞ የተነበበው የቆሮሶ ጂኖም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። የተነበበው አሳ ግን ዘሩ ከግብፁ ማንዛላ ሐይቅ የመጣ፣ በስኮትላንድ የተራባ ነው። የኛ ቆሮሶ ሌላ ነው። ሰይፉ ስዩምና ኢርቭ ኮርንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1992 የጣናውን ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ብለው ሰይመዋል፤ በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውሃዎች የሚኖረውም የራሱ ስም አለው። ከሌላ ስፍራ የመጣ ጫጩት በግድቦችና በኩሬዎች ከተለቀቀ ከነዚህ ጋር ይዳቀላል፤ ከተዳቀለ በኋላ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የቦርከናም ቆሮሶ ናሙናው ቀድሞ መወሰድ፣ የሚለቀቀው ጫጩትም ከየት እንደመጣ መመዝገብ አለበት።