ከፀሐይ ጋር የሚዘጋና የሚከፈት ግድግዳ

ቦሌ መንገድ ላይ መስታወት በለበሰ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራብ በኩል ስትገባ መጋረጃው ይጋረዳል፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል። ሙቀቱ ግን አይበርድም። መጋረጃው ከመስታወቱ ወዲህ ስለተሰቀለ ፀሐይን የሚያገኛት ከገባች በኋላ ነው፤ እሱ ይግላል፣ ክፍሉን መልሶ ያግላል። መስታወት ብርሃንን በቀላሉ ያስገባል፤ ከጋለ ዕቃ የሚወጣውን ሙቀት ግን መልሶ አያሳልፍም። ፀሐይን ማገድ ከደጅ ነው።

አቡዳቢ ያሉት የአል ባህር መንትያ ሕንፃዎች የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው። ግንባታቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ከመስታወቱ ራቅ ብሎ በቆመ ብረት ላይ በእያንዳንዱ ሕንፃ ከ1,000 በላይ መከለያዎች ተገጥመዋል፤ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ። ኮምፒውተር የፀሐይን መንገድ ተከትሎ ያዛቸዋል፦ ጠዋት የምሥራቁ ይዘረጋል፣ ፀሐይ ስትዞር የደቡቡና የምዕራቡ ተራውን ይይዛል፣ ፀሐይ ያለፈችው ጎን ይታጠፋል። በሰሜን በኩል መከለያ የለም፤ አያስፈልግም። የንድፉ መነሻ ማሽረቢያ የሚባለው የአረቦች የእንጨት ወንፊት መስኮት ነው። ንድፍ አውጪዎቹ የሚገባው የፀሐይ ሙቀት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አስልተዋል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ የማቀዝቀዣው ሥራም ይቀላል።

ቋሚ መከለያ አይበቃም ወይ? ሙቀቱንማ ይከለክላል፤ ፀሐይ ዞራ ከሄደች በኋላም ብርሃኑን መከልከሉን አይተውም እንጂ። ያኔ መብራት ይበራል፣ መብራትም ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ራሱም ይሞቃል። ተንቀሳቃሹ የሚያተርፈው ይህንን ነው።

የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ይበላሻል። ፓሪስ ባለው የአረቡ ዓለም ተቋም አርክቴክቱ ዣን ኑቬል በ1987 እ.ኤ.አ. በደቡቡ ግድግዳ ላይ 240 ሰሌዳዎች ገጠመ፤ በውስጣቸው እንደ ካሜራ ዓይን የሚጠብቡና የሚሰፉ ቀዳዳዎች አሉ። የዓለም መነጋገሪያ ሆኑ፤ ከዚያ ብዙዎቹ ተበላሽተው ለዓመታት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሞተር የገጠመ ሰው ጠጋኝም መቅጠር አለበት።

ለአዲስ አበባ ያን ያህል ርቆ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን በደቡብና በሰሜን በኩል እንደ ድሮዎቹ የፒያሳ ቤቶች ሰፋ ያለ በረንዳ ይበቃል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በረንዳ አያቆማትም፤ እዚያ ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መስኮት ያሻል። ሞተሩ የሰው እጅ ነው።