አዋጅ ያልወጣለት ምልክት፦ ፈረስ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርና የትምህርት ቤት ድርሻ

የአንድ አገር ወይም የአንድ ግዛት መለያ ምልክት ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው በሕግ የተደነገገው ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 3 ስለ ሰንደቅ ዓላማና በመካከሉ ስለሚያርፈው ዓርማ፣ በአንቀጽ 4 ስለ ብሔራዊ መዝሙር ይደነግጋል፤ የፌዴሬሽኑ አባላትም የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለ እንስሳ፣ ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ግን የሚናገረው የለም። ይሁንና በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚያስተምር መምህር «የአካባቢያችሁ መለያ ምንድን ነው?» ብሎ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ ብዙዎቹ «ፈረስ» ብለው እንደሚመልሱ መገመት አያዳግትም። ይህን መልስ ያስገኘው አዋጅ ካልሆነ ምንድን ነው? መልሱስ እስከ መቼ ይጸናል?

በአዋጅ የተሰየመ ምልክት ምን ያህል እንደሚጸና ለማየት የህንድን ልማድ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር ግዛቶች ከዓርማቸው ሌላ የየራሳቸውን እንስሳ፣ ወፍ፣ ዛፍና አበባ በመንግሥት ውሳኔ ይሰይማሉ። በረሐ የበዛበት የራጃስታን ግዛት ኬጅሪ የተባለውን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1983 የግዛቱ ዛፍ አድርጎ ሰይሟል። ዛፉ ክብር ያገኘው ግን በዚያ ዓመት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1730 የጆድፑር ገዥ ሰዎች ዛፉን ሊቆርጡ በመጡ ጊዜ ቢሽኖይ የተባሉት የሃይማኖት ወገኖች ግንዱን አቅፈው 363 ሰዎች እንደ ተገደሉ ይተረካል። ይኸው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 ግመልን ከግዛቱ እንስሳት አንዱ አደረገ፤ በተከታዩም ዓመት መታረዱን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሆኖም በመላው ህንድ በ2012 ወደ 400 ሺህ ይጠጋ የነበረው የግመል ቁጥር በ2019 በተደረገው ቆጠራ ወደ 250 ሺህ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትራክተርና የጭነት መኪና ግመሉን ከሥራ አስወጥተውታል፤ ግጦሹም ጠቧል። ለዛፉ የሞተለት ሕዝብ ነበረው፤ ግመሉ ግን ማዕረግ ሲሰጠው ሥራውን እያጣ ነበር።

አሁን ወደ አዊ እንመለስ። ደጋ በሆኑት ወረዳዎች፣ በተለይም በባንጃ፣ በጓጉሳና በአንከሻ፣ ፈረስ የጌጥ እንስሳ ብቻ አይደለም። ይጫናል፤ ያርሳል፤ ሙሽራ ያጅባል፤ በልቅሶም ቀን ተሸልሞ የሟቹን ክብር ይመሰክራል። አንድ እንስሳ ገበሬው ለዕለት ኑሮው የሚፈልገውም፣ ለክብሩ የሚያቆመውም ሲሆን ምልክትነቱ ከሥራው አይለይም። በሰባቱ ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ዘንድ የሚታየውም ይኸው ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን ዓላማውም በዓድዋ ጦርነት የተሰዉትን አርበኞችና አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ መዘከር ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። በዚያ ቀን አምባላዩ፣ ዳማው፣ ጉራቻው በግላስ ተሸልሞ ሲሰለፍ፣ ጉግሱና ሽምጥ ግልቢያው ሲደራ ያየ ሰው ምልክት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

መምህራን የምሥረታውን ዓመት በቁጥርነቱ ብቻ ማስጠናት አይገባቸውም። በ1932 ዓ.ም. ጎጃም ገና ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ አልተላቀቀም ነበር፤ ነጻነት የተመለሰው በ1933 ዓ.ም. ነው። ጠላት አገር ውስጥ ሳለ ያንኑ ጠላት ከ44 ዓመት በፊት ድል የነሡትን ፈረሰኞች ለማሰብ ማኅበር ማቆም የጨዋታ ነገር አይደለም። ተማሪው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ንና 1932 ዓ.ም.ን አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ «በዚህ ዓመት ዓድዋን ማስታወስ ምን ትርጉም ነበረው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ስለ ምልክት ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ ይልቅ የበለጠ ይማራል።

የፈረስ ክብር ግን የአዊ ብቻ አይደለም፤ ይህም ለማስተማር የሚያመች ነው። በቀድሞው የጦርነት ዘመን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው በመሆኑ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር «ቃኘው» ተባለ። በሰንደቅ ዓላማው መካከል የነበረው አንበሳ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተነሥቷል፤ በኋላ የወጡትም ዓርማዎች ከመንግሥት ጋር ተለዋውጠዋል፤ ዛሬ ያለው ኮከብ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው። የፈረስ ስሞቹ ግን ማንም ሳያውጃቸው በሕዝብ አፍ ዘልቀዋል።

ሌላው የአዊ ምልክት «ሰባት» የሚለው ቁጥር ነው። ሰባቱ ቤት የሚባሉት፣ በአፈ ታሪክ የሰባት ወንድማማቾች ዘር ተብለው የሚቆጠሩት፣ ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ቋኩራ፣ ጫራ፣ ዚገምና መተከል ናቸው። ከነዚህ መተከል ዛሬ በሌላ ክልል የሚገኝ ዞን ስም ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከዛሬው የአስተዳደር ካርታ ጋር አይገጥምም። መምህሩ ይህን አለመግጠም እንደ ስሕተት ከመዝለል ይልቅ በግልጽ ቢያነሣው መልካም ነው፤ የዝምድና ድንበርና የአስተዳደር ድንበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በታችኞቹ ክፍሎች አዊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ በአማርኛ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ እርካብና ግላስ የሚባሉትን ዕቃዎች በአዊኛ ምን እንደሚባሉ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው ጠይቀው መዝግበው እንዲመጡ ማድረግ ይቻላል። ኮርቻ ሠሪውንና ፈረስ ገሪውን ትምህርት ቤት መጋበዝም ይቻላል። የፈረስ ሥዕል ብቻ በግድግዳ ላይ ለጥፎ «ይህ የአካባቢያችን ምልክት ነው» ማለት ግን፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ልጁን ከፈረሱ ማራቅ ነው።

የዕቅድ ባለሙያው ድርሻ ከዚህ ይከብዳል። ፈረስ ሣር ይበላል፤ ሣሩ የሚበቅለው ደግሞ በወል ግጦሽ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት በሰፊው ተስፋፍቷል። ገበሬው ተክሎ በአራት በአምስት ዓመት ውስጥ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል፤ ለአሲዳማ መሬትም ይስማማል። ጥቅሙ የማይካድ ስለሆነ ዛፉን መንቀፍ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ዛፍ የተተከለበት መሬት ሁሉ የሰብል መሬት ብቻ አልነበረም፤ ከብቱና ፈረሱ ይሰማራበት የነበረም አለበት። በከተሞቹም ባጃጅ የሰው ማመላለሻውን ሥራ ወስዶታል፤ ከእንጅባራ ዝቅ ብላ በምትገኘው በዳንግላ ይህ ይበልጥ ይታያል። እንግዲህ የራጃስታንን ግመል ያገኘው ነገር፣ ሥራ ማጣትና ግጦሽ ማጣት፣ በአንድነት ወደ አዊ ፈረስ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በወረዳ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲዘጋጅ የወል ግጦሹ ስፋት ከዛፍ ተከላው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ቢቀርብ፣ የእንስሳት ሐኪም አገልግሎት በበሬና በላም ሳይወሰን ፈረስንም ቢያካትት፣ ለጥር 23 በዓል የሚመደበው በጀትም ለአንድ ቀን መድረክ ብቻ ሳይሆን ለመኖና ለክትባት ቢከፈል፣ በዓሉ የሚያስፈልገው ፈረስ በዓመቱ ውስጥ በሚውልበት ማሳና ግጦሽ ላይ ይገኛል።