ትርፌና የጎረቤቴ ሠራተኛ

ልደታ ኮንዶሚኒየም የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳ ያልፋል። «ቤቶች» ሲታይ ሳቁ ከየቤቱ ባንዴ ይሰማ ነበር።

«ቤቶች»ን ታውቁታላችሁ አይደል? ጥላሁን ጉግሳና ጓደኞቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት ያሳዩት አስቂኝ ድራማ ነው። እዚያ ውስጥ ትርፌ የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሰው ሁሉ ይወዳት ነበር። ትርፌን ሆና የሠራችው ሰብለ ተፈራ ናት። ሰብለ በ2015 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ሞተች። አገር አዘነ።

አሜሪካኖችም እንዲህ ያለ ድራማ ነበራቸው። ከ1993 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ስሙ በአማርኛ «ሞግዚቷ» ማለት ነው። ሴትየዋ መዋቢያ ልትሸጥ የሀብታም ቤት ታንኳኳለች። እዚያው የልጆች ሞግዚት ሆና ትቀራለች። በመጨረሻ ጌትየውን ታገባለች። ድራማ ነዋ!

እኛ ሰፈር ነገሩ ሌላ ነው። ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች። ደላላ ያገናኛታል። «ተያዥ አምጪ» ትባላለች። ደመወዙ በቃል ነው። ልጅ ታዝላለች፤ ታበስላለች፤ ታጥባለች። ቴሌቪዥኑን የምታየው ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና፣ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ቤተሰቡ በትርፌ ሲስቅ እሷም ትስቃለች። ትርፌን አገር በስሟ ያውቃታል። እሷን ግን ጎረቤቱ «የነእገሌ ሠራተኛ» ይላታል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው አሠሪው ቤት የሚኖር ከሆነ፣ አሠሪው ለመኝታው፣ ለምግቡ፣ ለዕረፍቱና ለጤናው ማሰብ አለበት ይላል። የ2011 ዓ.ም. የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ የለችበትም። ለእሷ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ብሎ አልፏታል። እና ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ማታ 4 ሰዓት ብትተኛ ማን ይቆጥርላታል? ፍርድ ቤቱ እዚሁ ልደታ አለ። ነገር ግን የተጻፈ ውል ከሌለ ማስረዳቱ ይከብዳል።

አመሻሽ ላይ ደብተር የያዙ ሴቶች ልጆች ከየደረጃው ይወርዳሉ። የማታ ተማሪዎች ናቸው። እመቤቲቱ ከፈቀደች ነው እንግዲህ። ከነሱ አንዷ የጎረቤቴ ሠራተኛ ናት። አንድ ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ እየተገናኘን ስሟን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ባለፈው ሰሞን ጠየቅኋት። አልመለሰችልኝም። ደብተሯን አዙራ ሽፋኑን አሳየችኝ። ከነአባቷ ስም፣ በራሷ እጅ ጽፋዋለች።